ጋሽ ሸዋንግዛው እና ያልተመለሰችው ልጅ

ስልኩ ሲጮህ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። የደወለችው ሴት ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ ከኋላዋ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል።

«ሰናይት የምትባዪ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አታውቂኝም። የከሚሴ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ሸዋንግዛው የሚባሉ ሽማግሌ እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። ስልክሽን ከመጽሐፋቸው ሽፋን ላይ ነው ያገኘሁት። ዘመድሽ ናቸው?»

ዘመዴ አይደሉም። ግን «አዎ» አልኳት።

«እንግዲህ በርቺ እህቴ። ትናንት አርፈዋል። ትኩሳት ይዟቸው ሐኪም ቤት አድርሰናቸው ነበር፤ አልሆነም። ዛሬ ጠዋት የአገራችን ልጆች ተሰብስበው ቀበሯቸው። ቄስ አላገኘንም። አንድ ድቁና የተማረ ልጅ ነበር፤ የሚያውቀውን ያህል ደገመላቸው።»

«ለምን እንደመጡ ነግረውሽ ነበር?» አልኳት። እኔው አውቀው ነበር።

«ልጃቸውን ፍለጋ ነዋ! ፎቶዋን ይዘው ያየውን ሰው ሁሉ ሲጠይቁ ነው የሰነበቱት። ስንት አባት እንዲህ እያለ እንደሚመጣ ብታዪ…»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሁለት ወረቀት አረምኩ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ወደዚያ ባሕር የሄዱት እኔ በዋሸኋቸው በአንድ ቃል ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው ልናገረው።

ጋሽ ሸዋንግዛው እኔ እንግሊዝኛ በማስተምርበት የደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ከሳቸው በታች ማንም የለም። መደርደሪያውን የሚወለውሉት፣ የተገነጠለውን ሽፋን በሙጫ የሚያጣብቁት፣ የሚንሾካሾከውን ተማሪ በዓይን የሚገሥጹት እሳቸው ናቸው። ረጅምና ቀጭን ናቸው። ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሣ ካፖርታቸውን ቤት ውስጥም አያወልቁም። ማሰብ ሲጀምሩ መነጽራቸውን ያወልቁና በካፖርታቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ መልሰው ሲያደርጉት መልስ አግኝተዋል ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገርነው በተመደብኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መዝገበ ቃላት ልዋስ ገባሁ።

«የእንግሊዝኛ መምህርት ነሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግሊዞች ለጭጋግ ሁለት ስም አላቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ዲግሪዬን ከያዝኩ ገና ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። አንደኛው ሳሳ ያለ፣ ሌላኛው ወፈር ያለ መሰለኝ ብዬ ተንተባተብኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። እኛም ጉም እንላለን፣ ጭጋግ እንላለን። ጉም መንገደኛ ነው፤ ቆመሽ ብትጠብቂው ያልፍሻል። ጭጋግ ግን ከመጣ ይቀመጣል። መሳቢያዬ ውስጥ ያሉትን ስድስት መጻሕፍት የጻፈችው ደራሲ ይህን ታውቃለች። በአምስቱ መጻሕፍት በቀላሉ፣ በመንገደኛው ስም ትጠራዋለች፤ ጀልባ የሚቀዝፉት ልጆች ይመለሳሉ። በስድስተኛው ላይ ስሙን ለወጠችው። ለምን ለወጠችው? እሱን ነው የምጠይቅሽ።»

ከመሳቢያቸው ስድስት ያረጁ የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት አወጡ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ለቤተ መጻሕፍቱ ትተዋቸው የሄዱት ናቸው። ዋናውን ርዕሳቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ በትምህርት ቤቱ «የጀልባዋ መጻሕፍት» ይባላሉ። በአገራቸው አያት ለልጅ ልጅ የሚያነብባቸው ዝነኛ መጻሕፍት መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ታሪኩ ለልጅ የሚነገር ነው። ኤዲት፣ ሮላንድ እና ፔግ የሚባሉ ሁለት እኅትማማችና ወንድማቸው ረግረግ ዳር ይኖራሉ። ጭጋግ ሲወርድ በአንዲት አሮጌ ጀልባ ይቀዝፋሉ፤ ማዶ ሲደርሱ ሌላ አገር ያገኛሉ። እንስሳ ዳኛ ሆኖ የሚፈርድበት፣ ወንዝ ሽቅብ የሚፈስበት አገር ነው። እራት ሳይቀርብ ተመልሰው ቤታቸው ይገኛሉ። አምስቱ መጻሕፍት እንዲህ ያልቃሉ። በስድስተኛው ግን ሦስት ሆነው ሄደው ሁለት ሆነው ይመለሳሉ። ትንሿ ፔግ የለችም። እናታቸው የት ቀረች ብላ አትጠይቅም፤ ገበታው ላይ ሦስት ማንኪያ ታስቀምጣለች፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጋሽ ሸዋንግዛው የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ናቸው። አባታቸው ለመጻሕፍት ትርጓሜ አጭተዋቸው ነበር። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቆጥረው፣ ትርጓሜ ቤት ሁለት ዓመት እንደተቀመጡ አባታቸው ሞቱና ትምህርቱ ተቋረጠ። ደብረ ብርሃን መጥተው አሥረኛ ክፍል ድረስ ተማሩ፤ መጀመሪያ ለዘበኝነት፣ ከዚያ ለቤተ መጻሕፍቱ ተቀጠሩ። እንግሊዝኛ ያወቁት ከነዚያ ስድስት መጻሕፍት ነው። ከየቃሉ በላይ በእርሳስ አማርኛውን እየጻፉ፣ የመጀመሪያውን ለመጨረስ ሁለት ዓመት እንደፈጀባቸው ነግረውኛል።

ንባባቸው ግን የትርጓሜ ቤት ንባብ ነበር። መጀመሪያ ዘይቤውን፣ ማለትም የቃሉን ጥሬ ትርጉም ይናገራሉ። ከዚያ አመልካች ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉና «አንድም…» ይላሉ፤ ሌላ ትርጉም ይመጣል። ደግሞ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ «አንድም…» ሦስተኛው ይከተላል። የሊቃውንቱ ደንብ ስለሆነ እያንዳንዱ አንድም ምሥክር ይፈለግበታል። ምሥክሩ ከመጻሕፍቱ ውስጥ ካልተገኘ ትርጉሙ ይወድቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ሰብስበን ማንበብ ጀመርን። እኔ እንግሊዝኛውን አቃናለሁ፤ ትርጓሜው የሳቸው ነው። አንዱ ልጅ «ማዶው መንግሥተ ሰማያት ነው» ይላል። ሌላዋ «ማደግ ነው፤ ያደገ ሰው ወደ ልጅነት አይመለስም» ትላለች። አንዱ ደግሞ «አዲስ አበባ ነው፤ ሄዶ የተመለሰ የለም» ብሎ ያስቃል። ጋሽ ሸዋንግዛው ለቀልዱም ምሥክር አምጣ ይሉታል።

ከሁሉ የምትበልጠው ሐያት ነበረች። ከአሊዩ አምባ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የነጋዴ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ፔግ እኮ ጠፍታ አይደለም» አለች አንድ ቀን። «ፈልጋ ነው የቀረችው። እዚያ ማዶ ሂጂ፣ አምጪ፣ ታጠቢ የሚላት የለም።»

«ምሥክር!» አሉ።

«ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ዝናብ እየዘነበ ወተት ልታመጣ የተላከችው እሷ ብቻ ናት። አምስተኛውም ላይ እንዲሁ። ወላሂ ቆጥሬያለሁ። ስድስት ጊዜ ተልካለች፤ ወንድምየው አንድ ጊዜም አልተላከም።»

ሴቶቹ ልጆች አጨበጨቡ። ጋሽ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ደብተራቸውን ገልጠው በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው «አንድም ዘሐያት»፣ የሐያት ትርጓሜ፣ ብለው መዘገቡት። ልጅቱ ያን ቀን ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

ስለ ልጃቸው ስለ ማኅሌት የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ልጃቸው ነበረች። እናቷ እትዬ ተዋበች ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲውሉ ልጅቷ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ትመጣለች፤ አባቷ እያነበቡ እየተረጎሙላት በጀልባዋ መጻሕፍት አደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ገባች፤ ዓመት ሠራች፤ ተወችው። አንድ ቀን አረርቲ አክስቴ ዘንድ ሰርግ አለ ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አረርቲ አልደረሰችም። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወርዳ ነበር፤ ዐረብ አገር ልትሻገር።

ከጓደኞቿ አንዷ ቤዛ ከማዶ ደወለች። ጀልባው ሁለት ነበር አለች። እሷ የተሳፈረችበት ደረሰ። ማኅሌት የተሳፈረችበትን ማዕበል ለየው፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም አለች። ጋሽ ሸዋንግዛው የሚያውቁት ይህንን ብቻ ነበር። እኔ ትምህርት ቤቱ ስመጣ ልጅቷ ከጠፋች ዓመት ሊሞላት ነው።

ይህን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ዝናብ ነበር፤ ተማሪ አልመጣም። ስድስተኛውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ሰናይት፣ ሰው ሁሉ ደላላ ነው ያታለላት ይላል» አሉኝ። «እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ምን እያልኩ አሳደግኳት? ጀልባ ያሻግራል፣ ለእራት ይመልሳል እያልኩ። ልጅ ያመነችውን ነው ያደረገችው።»

«ጋሼ፣ ይሄማ ተረት ነው። በተረት ባሕር የሚሻገር ሰው የለም።»

«አንቺ ተረት ትያለሽ። እኔ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።» የመጨረሻውን ገጽ በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ፔግ የት እንዳለች ካወቅኩ…» ብለው አልጨረሱትም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ የቅዳሜው ንባብ ለኔ ሌላ ነገር ሆነ። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ እኔ የጋሽ ሸዋንግዛውን ጣት አያለሁ። በየሳምንቱ ፔግ የምትኖርበት አዲስ አንድም ይዘው ይመጣሉ። አንድም፣ ጀልባዋ ተመልሳ መጥታ አላገኘቻቸውም። አንድም፣ ማዶ ያለው ዳኛ አስቀርቷታል፤ ፍርዷን ስትጨርስ ትለቀቃለች። አንድም፣ እናትየው ያልጠየቀችው እንደምትመጣ ስለምታውቅ ነው፤ ማንኪያው ምሥክር ነው። ደብተሩ ሞላና ሌላ ገዙ። ሰውነታቸው ግን እያለቀ ነበር። ካፖርታቸው ሰፋባቸው። አንዴ ምሳ ሰዓት ላይ የያዙትን ዳቦ ሲቆርሱ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረና ዳቦውን ሳይቀምሱ ወደ ላስቲኩ መለሱት።

አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር። «እኛ የምንተረጉመው ባለቤቱ ዝም ስላለ ነው። ባለቤቱ የተናገረ ዕለት ሐተታ ያበቃል።» ደራሲዋ ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው። ስለ ፔግ ተናግራ እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

በሁለተኛ ዓመቴ፣ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ የተከፈተ ሰሞን ሐያት እየሮጠች መምህራን ማረፊያ መጣች።

«ቲቸር፣ ይዩ! እንግሊዞቹም እንደኛ ይከራከራሉ!»

ስልኳን ሰጠችኝ። የመጻሕፍቱ አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት ገጽ ነው። ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ እናቶች፣ ተማሪዎች፤ ፔግ የት ሄደች በሚል ለዓመታት ሲጣሉ የኖሩ። የሐያትን ሐሳብ ያሰበች አንዲት አሮጊት እንኳ አለች። ሳቅኩ። ሐያት ግን አልሳቀችም።

«ወደ ታች ይውረዱ» አለችኝ።

አንድ ሰው የደብዳቤ ፎቶ ለጥፏል። ደራሲዋ በእርጅናዋ ለአንዲት አንባቢ ልጅ የጻፈችው ነው። ቀጥተኛ ነበር። ፔግ በስድስተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ፣ ጀልባዋ ስትንጋደድ፣ ሰጥማለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ኤዲትና ሮላንድ መቀበል አቅቷቸው አብራቸው ያለች ያስመሰሉት ነው። እናትየው ያልጠየቀችው ስላወቀች ነው። አዝናለሁ፣ አንቺ ግን ጎበዝ ልጅ ስለሆንሽ እውነቱን ልንገርሽ ብላ ነበር የጨረሰችው። ከሥር አንባቢዎቹ ይላቀሳሉ። አንዳንዱ «ደራሲዋ ይህን የማለት መብት የላትም፤ መጽሐፉ አሁን የኛ ነው» ይላል።

«ሐሰት ይሆናል» አልኳት።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ መጽሐፉን ገልጬ አየሁ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ቲቸር፣ ፔግ በስድስተኛው መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳ እህል አልቀመሰችም። ከወንድሟና ከእኅቷ በቀር ማንም አላናገራትም። አንድም ሰው።»

ስልኳን መለስኩላት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስለ ማኅሌት ታውቃለች፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ለጋሽ ሸዋንግዛው እንዳትነግሪ» አልኳት።

«ይጠይቁኛል እኮ። ኢንተርኔት ሲከፈት ፈልጊልኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ቲቸር ትነግርዎታለች በያቸው። ማይልኝ ሐያት።»

መማሏን ትታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ መጡ። ክፍሌ በር ላይ ቆመው ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁ። ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል፤ እንደ ሙግት ቀን።

«ሐያት ወዳንቺ መራችኝ» አሉ። «ደራሲዋ ተናግራለች?»

ብዙ ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። አላነበብኩትም፣ ይቆዩኝ፣ ይቀመጡና እንነጋገር። ዓይናቸውን አየሁና «አልተናገረችም ጋሼ» አልኩ። «ምንም አላለችም። እንግሊዞቹም አያውቁም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሳይጠርጉት ቆዩ። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። የአንኮበር ሽማግሌ ክፍል ውስጥ የመምህርት ግንባር ሲስም ተማሪዎቹ በመስኮት አይተው ሳቁ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ሌላ ሰው ሆኑ። ጢማቸውን ተላጩ፤ ከዘበኛው ጋር ይቀልዳሉ። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ሐያት ግን ቅዳሜ መምጣት አቆመች። ስጠይቃት «ፊታቸውን ማየት ከበደኝ» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መናኸሪያው በር ላይ አየኋቸው። የአንኮበር ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የጨርቅ ቦርሳ አለ። ጠጋ አልኩ።

«ወዴት ነው ጋሼ? ሥራ የለም እንዴ?»

«ፈቃድ ወስጃለሁ። ተዋበችን አንኮበር ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ ብያታለሁ።» ፈገግ አሉ። «አንቺን ግን አልዋሽሽም። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ እወርዳለሁ። የሐያት አባት ወደ አፋር ከሚሄድ የጭነት መኪና ጋር አገናኝሃለሁ ብሎኛል። ከዚያ ባሕሩ ሩቅ አይደለም።»

«ጋሼ! በዚህ ዕድሜዎ? ያ በረሃ እኮ…»

«ስሚኝ። ደራሲዋ ፔግ ሞታለች ብትል ኖሮ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። አላለችም። አንቺው ነሽ ያረጋገጥሽልኝ። እሷ ዝም ካለች እኔ መፈለግ አለብኝ። የት እንደምጀምር ደግሞ አውቃለሁ፤ ጀልባው ከተነሣበት።»

ረዳቱ «አንኮበር! የሞላ! አንኮበር!» እያለ በሩን ይመታል። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈዋል። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እዚህ ሰው መሀል፣ ሞተር እየተንቀጠቀጠ፣ ልጅዎ ሞታለች እንደማለት ሆነብኝ። አሊዩ አምባ ሙቀቱን ሲያዩ ይመለሳሉ አልኩ ለራሴ። የሐያት አባት ይመልሷቸዋል አልኩ። «ስልክ ቁጥሬን ይዘዋል?» ስላቸው ስድስተኛውን መጽሐፍ አውጥተው ሽፋኑ ላይ የኔን ቁጥር አጻፉኝ። በእጄ ጻፍኩላቸው። ሚኒባሱ ተነሣ።

የሐያት አባት ሁለት ቀን ቤታቸው አስቀምጠው ለምነዋቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። «በሕይወት ካለች አላህ ራሱ ያመጣልሃል፤ ተመለስ» ብለዋቸዋል። አልሰሙም። በመጨረሻ የሚያምኑትን ሾፌር ፈልገው አሳፈሯቸው። ከዚያ በኋላ የደረሰኝ ወሬ ያ የስልክ ጥሪ ነው።

ለርእሰ መምህሩና ለሰበካው ሽማግሌዎች ነገርኩ። በማግስቱ ማለዳ መርዶ ሊያረዱ ሲሄዱ ከኋላ ተከተልኩ። እትዬ ተዋበች በሩን ከፍተው ነጠላ ያዘቀዘቁትን ሰዎች ሲያዩ መጀመሪያ የጮኹት የባላቸውን ስም አይደለም። «ማኅሌቴ!» ነው ያሉት። ሽማግሌዎቹ «ሸዋንግዛው ነው፣ ሸዋንግዛው ነው» እያሉ ያዟቸው። ሐዘን አደናግሯቸው ነው ተባለ።

ሐያት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «አላህ ይዘንላቸው። እኔ ባልፈልገው ኖሮ…» ትላለች።

«አንቺ እውነቱን ነው ያገኘሽው» አልኳት። «የደበቅኩት እኔ ነኝ።» አልተጽናናችም።

ለቀስተኛው ከቀነሰ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ተዋበች ዘንድ ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። ፍራሹ ገና መሬት ላይ ተነጥፏል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውን፣ ውሸቴን፣ ሚኒባሱን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ የነጠላቸውን ጥለት ማሸት ጀመሩ።

«ቤዛ ደግማ ደውላ ነበር» አሉ። «ሁለት ዓመት አልፎታል። ቅዳሜ ገበያ ቆሜ ነው ያነሣሁት። የሰመጡትን ባሕሩ መልሶ ተፍቷቸው ኖሯል። ልጄን በሹራቧ ለየቻት፤ እኔ የሠራሁላት ነው። አሸዋ ላይ ቀበርናት አለችኝ። ሽንኩርቴን ጥዬ ቤት መጣሁ። እሱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና አለና ‹ተዋቡ፣ ዛሬ አንድ መልካም ነገር አገኘሁ› አለኝ። መጽሐፉን ማለቱ ነው። ያን ፊቱን እያየሁ እንዴት ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ። ጠበል ልሄድ ነው እያልኩ እወጣና ሜዳ ላይ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እገባ ነበር።»

«እትዬ…» አልኩ።

«ቆዪ። ጥፋትሽን ከጥፋቴ ጋር እንዳትደባልቂው።» ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተከሉ። «መሄዱን ባውቅ በሩ ላይ ተኝቼ እነግረው ነበር። እኔ አላወቅኩም። አንቺ አውቀሽ ነበር። መኪናው ሲነሣ ቆመሽ ነበር።»

ተነሥቼ ወጣሁ፤ እስከ በር አልሸኙኝም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዚያ ቤት በኩል እያለፍኩ ገብቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ልጆቹ ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸውን አልሰማም። የቅዳሜው ንባብ ተበተነ። ቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ሰው እስኪመደብ ተዘጋ።

በአርባቸው ቀን ፍትሐት ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከሴቶቹ ኋላ፣ ከግንቡ ሥር ቆምኩ። የማሳሰቢያ ስም የሚመዘግቡት ቄስ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እትዬ ተዋበች ጠጋ አሉ።

«ስመ ክርስትናቸው?»

«ወልደ ጊዮርጊስ።»

ጻፉ። ሊሄዱ ሲሉ እትዬ ተዋበች እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ወለተ ሥላሴንም ይጨምሩ አባ።»

«ወለተ ሥላሴ ማን ናት?»

«ልጄ ናት። ማኅሌት። ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል።»

ቄሱ እትዬ ተዋበችን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ጻፉ። ያኔ አንዲት ጎረቤት «ማኅሌት!» ብላ ጮኸች፤ ለአባትየው አልቅሰው የጨረሱት ሴቶች ሁሉ ለልጅቱ እንደ አዲስ ጀመሩ። እትዬ ተዋበች ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሟን በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፃቸው እየጠሩ አለቀሱ። በመሀል ዘወር ሲሉ ከግንቡ ሥር አዩኝ። ከዚያ የተቀመጡበትን ቁርበት ጫፍ ለቀቅ አደረጉና በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ነይ» አሉኝ። «እዚህ ተቀመጪና አልቅሺ።»